ጆርናሉ ሲደገም አዲሱን ዳታ በአሮጌው እንዳይሸፍን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

የማታ ፈረቃ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ስለ ጆርናል ነው፤ ፋይል ሲስተም (ዲስክ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጀው ሥርዓት) ለውጦቹን ቦታቸው ላይ ከመጻፉ በፊት የሚያስቀምጥበት መዝገብ ማለት ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የአንድ ትንሽ የሂሳብ ቢሮ ሰርቨር እከታተላለሁ። ኡቡንቱ ነው። የቢሮው ፋይል ሁሉ ያለው አንድ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ፋይል ሲስተሙ ኢኤክስቲ4። ትናንት ከሰዓት መብራት ሄደ። የዩፒኤሱ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ ጀነሬተሩ እስኪነሳ እንኳ አልያዘም። ሰርቨሩ እየሰራ ሳለ ድርግም አለ።

ያሳሰበኝ በዚያ ሰዓት ሲሰራ የነበረው ነው። ዲስኩ ጢም ብሎ ስለነበር የድሮ ዓመታት ፎልደሮች እየተሰረዙ ነበር። በጎን ደግሞ ስካን የተደረጉ አዳዲስ ደረሰኞች ወደዚያው እየተገለበጡ ነው። ማለትም አዲሶቹ ፋይሎች የሚያርፉት የተሰረዙት በለቀቁት ቦታ ላይ ነው።

ማሽኑን እስካሁን አላበራሁትም። ባልደረባዬ «አብሪው ባክሽ፣ ጆርናል አለው፣ ራሱን ያስተካክላል» ይለኛል። እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ጆርናሉ ውስጥ ያለው መብራት ከመሄዱ በፊት የተመዘገበ ነገር ነው። የእነዚያ የተሰረዙ ፎልደሮች ብሎኮችም (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ቁራጮች) እዚያው ተመዝግበው ይሆናል። ሲነሳ ጆርናሉን ይደግመዋል፣ ማለትም የተመዘገበውን ዲስኩ ላይ እንደገና ይጽፈዋል። ታዲያ የድሮውን ፎልደር ብሎክ አዲሱ ደረሰኝ ላይ ቢጽፍብኝስ? የሚከለክለው ነገር አለ ወይስ በዕድል ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ። ነገሩን በዓይኔ ለማየት አንድ አሮጌ ፍላሽ ላይ ኢኤክስቲ4 ሰርቼ፣ ፋይል እየገለበጥኩ ነቀልኩት። ከዚያ ለንባብ ብቻ ብዬ ማውንት ሳደርገው፣ ማለትም ስከፍተው፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መጀመሪያ ሪከቨሪ እንደሚያስፈልግ፣ ቀጥሎ በሪከቨሪው ጊዜ የመጻፍ ፈቃድ እንደሚከፈት ነገረኝ። ለንባብ ብቻ ብዬው እንዴት ይጽፋል?

ጥቁር ስክሪን

ኧረ አብሪው! ስንት ጊዜ መብራት ሄዶብን ስንት ጊዜ ተነስቷል። ኢኤክስቲ4 የተሰራው ለዚህ ነው። በጣም ካሳሰበሽ ኤፍኤስሲኬ (የፋይል ሲስተም መመርመሪያና መጠገኛው) ላይ «ለሁሉም አዎ» በይውና ቡናሽን ጠጪ።

ዲስክ ሐኪም

እህቴ፣ አታብሪው። ቢያንስ ዛሬ። ጥቁር ስክሪን ያለው ብዙ ጊዜ ይሰራል፤ እሱን አልክድም። ግን ብዙ ጊዜ የሚሰራ ነገር የሰው ደረሰኝ ላይ አይሞከርም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጥያቄሽ ልክ ነው። የጆርናል ፋይል ሲስተም የሰሩት ሰዎችም ይሄንኑ ጠይቀው ነው መልስ ያበጁለት። ረጋ ብዬ ልተርከው።

ኢኤክስቲ4 በተለመደው አሰራሩ ጆርናል ውስጥ የሚጽፈው ሜታዳታ ብቻ ነው። የፎልደር ብሎክ፣ አይኖድ (የአንድ ፋይል መጠንና ቦታ የሚጻፍበት ካርድ)፣ የትኛው ብሎክ ነጻ እንደሆነ የሚያሳየው ቢትማፕ፣ እንዲህ ያለው። የፋይሉ ይዘት፣ ማለትም የደረሰኙ ስካን ራሱ፣ በጆርናል አያልፍም። በቀጥታ ቦታው ላይ ይጻፋል። ችግሩ የሚወለደው ከዚህ ልዩነት ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። ብሎክ 5000 የ«2008 ሰነዶች» ፎልደር ነበር እንበል። በትራንዛክሽን 100 (ትራንዛክሽን አንድ ላይ የሚመዘገብ የለውጥ ጥቅል ነው) አንድ ፋይል ከውስጡ ተሰረዘ፤ ፎልደሩ ስለተቀየረ የብሎክ 5000 ሙሉ ቅጂ ጆርናል ውስጥ ገባ። በትራንዛክሽን 101 ፎልደሩ ራሱ ተሰረዘ፤ ብሎክ 5000 ነጻ ሆነ። ከዚያ ብሎክ 5000 ለአዲስ ደረሰኝ ተሰጠ፤ ይሄም በትራንዛክሽን 102 ተመዘገበ። የደረሰኙ ይዘት ዲስኩ ላይ ብሎክ 5000 ላይ ተጻፈ። መብራት ሄደ።

ስትነሺ ጆርናሉ ከ100 ጀምሮ ይደገማል። ትራንዛክሽን 100 «ብሎክ 5000 ላይ ይሄን ጻፍ» ይላል። ከጻፈ ደረሰኙ ሞተ። 102 ደርሶ አያድነውም፤ ምክንያቱም 102 ውስጥ ያለው «ብሎክ 5000 የደረሰኙ ነው» የሚል ወሬ እንጂ የደረሰኙ ይዘት አይደለም። ተከራይ ለቆ ሌላ ከገባ በኋላ፣ የድሮውን ተከራይ ሶፋ ጭኖ መጥቶ ሳሎን መሃል የሚያራግፍ አይሱዙ ማለት ነው።

ይሄን የሚከለክለው ሪቮክ የሚባል መዝገብ ነው። ትራንዛክሽን 101 ላይ ፎልደሩ ሲሰረዝ፣ ጆርናሉ ውስጥ «ብሎክ 5000 ተሽሯል፣ እስከ 101 ድረስ የተጻፈውን አትድገሙ» የሚል ማስታወሻ ይገባል። ሪከቨሪው ደግሞ ጆርናሉን በሦስት ዙር ነው የሚያነበው። በመጀመሪያው ዙር ጆርናሉ የት እንደሚያልቅ ይፈልጋል። በሁለተኛው የተሻሩትን ብሎኮች ብቻ ይለቅማል። መጻፍ የሚጀምረው በሦስተኛው ነው። ያኔ 100 ላይ ደርሶ ብሎክ 5000ን ሲያይ፣ የተሻረበት ቁጥር 101 ከ100 ስለሚበልጥ ይዘለዋል። ደረሰኙ ተረፈ።

ብሎክ 5000 ኋላ በ105 እንደገና ፎልደር ቢሆንስ? 105 ከ101 ስለሚበልጥ ሽረቱ አይነካውም፤ ይደገማል። ቁጥሩን ማመሳከር ያስፈለገው ለዚህ ነው። «ይሄ ብሎክ ተሽሯል» ብቻ ቢባል ኖሮ ትክክለኛውን አዲስ ፎልደርም ባስቀረ ነበር።

ዲባግኤፍኤስ በሚባለው የኢኤክስቲ4 መመርመሪያ ውስጥ ሎግደምፕ የሚል ትዕዛዝ አለ። ጆርናሉን ይዘረግፍልሻል። ዓይነት 5 ተብለው የሚወጡት የሪቮክ ብሎኮች ናቸው። ፎልደር በብዛት በተሰረዘበት ጆርናል ውስጥ ሞልተው ታያቸዋለሽ። ፍላሽሽ ላይ ሞክሪው።

የማታ ፈረቃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል ግልጽ ያደረገልኝ የለም። ግን አንድ ቀዳዳ አየሁ። ሪቮኩ ራሱ የተጻፈው ጆርናሉ ውስጥ ነው። መብራቱ የሄደው ብሎኩ ለደረሰኙ ከተሰጠ በኋላ፣ ሪቮኩ ግን ዲስክ ላይ ሳይደርስ ቢሆንስ? ያኔ 100 ይደገማል፣ የሚከለክለውም የለም።

ዲስክ ሐኪም

ጎበዝ። ያ ቀዳዳ በሌላ በኩል ተዘግቷል። ኢኤክስቲ4 የተለቀቀ ብሎክን ወዲያው ለሌላ አይሰጥም። ስረዛው ያለበት ትራንዛክሽን ኮሚት እስኪሆን፣ ማለትም ጆርናል ውስጥ ተጽፎ እስኪጠናቀቅ፣ ይጠብቃል። ሪቮኩ ደግሞ የዚያው ትራንዛክሽን አካል ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ወይ 101 ኮሚት ሆኗል፣ ሪቮኩ አለ። ወይ 101 አልተጠናቀቀም፣ ታዲያ ብሎኩም ለማንም አልተሰጠም፤ ፎልደሩ እንዳልተሰረዘ ሆኖ ይነሳል። ኮሚት ብሎክ የሌለው ትራንዛክሽን በሪከቨሪ ጊዜ ይጣላል።

በነባሪው ኮሚት የሚደረገው በየ5 ሴኮንዱ ነው። ስለዚህ የጠፋብሽ ስረዛ ቢኖር የመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ነው፤ እሱ ደግሞ ማንንም አይጎዳም፣ ደግመሽ ትሰርዢዋለሽ።

ሳልቫቶሬ ካርድ

ሐኪም ያለው ሁሉ እውነት የሚሆነው ዲስኩ ካልዋሸ ነው። ይሄን ማንም አይናገርም።

ሃርድ ዲስክ የራሱ ካሽ አለው። «ጻፍኩ» ሲል ገና ሚሞሪው ላይ ይሆናል፣ ፕላተሩ (የዲስኩ ሳህን) ላይ ሳይደርስ። ከርነሉ ለዚህ ብሎ ኮሚት ከማድረጉ በፊትና በኋላ «ካሽህን አራግፍ» የሚል ትዕዛዝ ይልካል። ባሪየር የሚባለው እሱ ነው፤ ኢኤክስቲ4 ላይ በነባሪው በርቷል። አንዳንድ ሰው ፍጥነት ፍለጋ ያጠፋዋል። ከጠፋ፣ ኮሚት ብሎኩ ዲስክ ላይ ደርሶ ከእሱ በፊት መድረስ የነበረበት ብሎክ ግን ላይደርስ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ከፈረሰ ሪቮክ ምን ያደርጋል?

ርካሽ የዩኤስቢ ማቀፊያዎችም አሉ፣ የማራገፍ ትዕዛዙን ተቀብለው ዝም የሚሉ። መርካቶ በየሱቁ የሚሸጠው የዲስክ ቤት የትኛው እንደሆነ ከላዩ አይታወቅም። ስለዚህ እህቴ፣ ያ ዲስክ በሳታ ነው የተገጠመው ወይስ በዩኤስቢ? ማውንት ሲደረግስ ኖባሪየር የሚል ነገር ኤፍስታብ (ዲስኮች እንዴት ማውንት እንደሚደረጉ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ አለ?

የኤክስኤፍኤስ፣ የሌላው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም፣ ሰዎች ያንን አማራጭ ከከርነል 4.19 ጀምሮ ጭራሽ አውጥተውታል። ደግ አደረጉ።

የማታ ፈረቃ

በሳታ ነው። ኤፍስታቡ የሲስተሙ ዲስክ ላይ ስለሆነ በሌላ ማሽን ከፍቼ አየሁት፤ ኖባሪየር የለም። ተመስገን።

ጥቁር ስክሪን

ታዲያ ሁሉም ነገር ከተጠበቀ፣ ሪቮኩም ካለ፣ ባሪየሩም ካለ፣ እኔ ምን ተሳሳትኩ? አብሪው ነው ያልኩት 😂

ዲስክ ሐኪም

የተሳሳትከው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሪፕሌይ፣ ማለትም ጆርናሉን መድገም፣ መጻፍ ነው። ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ከጻፈ በኋላ ጆርናሉን «ባዶ» ብሎ ምልክት ያደርጋል። መመለሻ የለውም። ዲስኩ የታመመ ቢሆን፣ ሚሞሪው ስህተት ቢኖረው፣ ከርነሉ ችግር ቢኖርበት፣ የምታውቀው ከተጻፈ በኋላ ነው። ቀድመህ ቅጂ ከያዝክ ግን የፈለከውን ያህል ደጋግመህ ማየት ትችላለህ። «ለሁሉም አዎ» ያልከው ደግሞ ከሪፕሌይም የባሰ ነው። ሪፕሌይ የሚጽፈው የተመዘገበውን ነው። ኤፍኤስሲኬ ግን ሲቸግረው በግምት ነው የሚወስነው፤ አንተ ደግሞ ለግምቱ ሁሉ አስቀድመህ ፈርመህለታል።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ። «ለንባብ ብቻ» የሚለው የማውንት አማራጭ አንቺን ነው የሚከለክለው፣ ከርነሉን አይደለም። ኢኤክስቲ4 ጆርናሉ ያልተደገመ ሆኖ ካገኘው በንባብ ማውንትም ይደግመዋል። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ከረፈደ ነው። የምርመራ ስራ ላይ ያሉ ሰዎች በተለይ ይጠነቀቁታል፤ ማስረጃ ብለው የያዙትን ዲስክ በአንድ ማውንት ይቀይሩታልና።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ ማውንት ላይ ኖሎድ የሚለውን አማራጭ ከንባብ ብቻ ጋር አብሮ መስጠት። ጆርናሉን አይነካውም። ሁለተኛና የተሻለው፣ ዲቫይሱን ራሱን በብሎክዴቭ ትዕዛዝ ለንባብ ብቻ ማድረግ። ያኔ ሪፕሌይ ልሞክር ቢል ከርነሉ መጻፍ እንደማይችል ነግሮሽ ማውንቱን እምቢ ይላል፤ ኖሎድ ሞክሪ ብሎም ይመክርሻል።

ኖሎድን ግን እንደ መድኃኒት አትይው። ያለ ሪፕሌይ የምታይው ፋይል ሲስተም ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው። ፎልደሩ የሚያሳይሽ ፋይል አይኖዱ ገና ላይጻፍ ይችላል። ለማየትና ለመገልበጥ እንጂ «ይሄ ጠፍቷል» ብሎ ለመፍረድ አይሆንም።

ከሜሪላንድ

ሰላም። እኔ እዚህ ስቶሬጅ ላይ ነው የምሰራው፣ በአብዛኛው ኤክስኤፍኤስ። ያው ችግር እዚያ በሌላ መንገድ ስለተፈታ ልጨምርበት፤ አንዳንዶቻችሁ ሬድሃት ቤተሰብ ላይ ስላላችሁ ነባሪው ኤክስኤፍኤስ ነው።

ኤክስኤፍኤስም የተሻሩ በፈሮችን (የሜታዳታ ብሎኮችን) በሁለት ዙር ነው የሚያየው። በመጀመሪያው ዙር የተሻሩትን ይሰበስባል፣ በሁለተኛው ይደግማል። እስከዚህ የሐኪም ትረካ ይሰራል። ግን ሌላ ጥያቄም አለ። ብሎኩ ያው ሜታዳታ ሆኖ ሳለ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ከሎጉ (ኤክስኤፍኤስ ጆርናሉን ሎግ ነው የሚለው) የበለጠ አዲስ ቢሆንስ? ሎጉ የሚያስታውሰው የጠዋቱን ነው፣ ዲስኩ ላይ የደረሰው የማታው ነው። በጭፍን ከደገምከው ማታውን በጠዋቱ ትሸፍነዋለህ። በኋላ ሎጉ ራሱ ወደ ማታው ያደርሰው ይሆናል፤ መሃል ላይ ግን ፋይል ሲስተሙ በሕይወቱ ኖሮት የማያውቅ ቅርጽ ይይዛል። ሪከቨሪው መሃል ላይ ቢቆምስ?

በድሮው ቅርጽ፣ ቪ4 በሚባለው፣ አይኖዶች ላይ ብቻ አንድ ቆጣሪ ነበር። አይኖዱ ስንት ጊዜ ወደ ዲስክ እንደተጻፈ የሚቆጥር። የዲስኩ ቆጣሪ ከሎጉ ከበለጠ ይዘለላል። ለሌላው ሜታዳታ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ቪ5 ሲመጣ፣ ከርነል 3.10 ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ማለት ነው፣ እያንዳንዱ የሜታዳታ ብሎክ ቼክሰም (ብሎኩ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ቁጥር) ብቻ ሳይሆን ኤልኤስኤን የሚባል ቁጥር ተጻፈበት። ኤልኤስኤን ማለት ይሄ ብሎክ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው ሎጉ የት ላይ ሳለ ነው የሚል ማህተም ነው። ሁለት ክፍል አለው። ሎጉ ክብ ስለሆነ፣ አንዱ ስንተኛው ዙር እንደሆነ፣ ሌላው በዙሩ ውስጥ ስንተኛው ብሎክ እንደሆነ። ሪከቨሪው ከመጻፉ በፊት የዲስኩን ብሎክ ያነባል። የዲስኩ ኤልኤስኤን ከሎጉ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ «ይሄ ተደርሶበታል» ብሎ ያልፈዋል። ሐሳቡ ከዳታቤዝ ዓለም ነው፤ እዚያ ገጽ ላይ ኤልኤስኤን ማተም የቆየ ልማድ ነው።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማየት ኤክስኤፍኤስ ኢንፎ በሉት። ሲአርሲ 1 ካለ ቪ5 ነው። 0 ካለ ቪ4 ነውና ለማዛወር አስቡበት። የከርነሉ ሰዎች የቪ4 ድጋፍ እ.ኤ.አ. መስከረም 2030 ላይ እንደሚወጣ ቀድመው አሳውቀዋል።

ጥቁር ስክሪን

እኔ ኤክስኤፍኤስ እምቢ ሲለኝ ሪፔር በሚባለው መጠገኛው ላይ ትልቁን ኤል (-L የሚለውን አማራጭ) እሰጠዋለሁ፣ ያበቃል። ቪዲዮ ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ከሜሪላንድ

ኧረ ተው ወንድሜ! ትልቁ ኤል ጥገና አይደለም። ሎጉን መደምሰስ ነው። ሪፔር ራሱ እኮ ይነግርሃል፤ ሎጉ ውስጥ ዋጋ ያለው ለውጥ አለ፣ መጀመሪያ ማውንት አድርገህ አስደግመው፣ ከዚያ አውርደህ ተመለስ ይልሃል። ትልቁን ኤል የሚጠቅሰው ማውንት ጭራሽ እምቢ ካለህ ብቻ ነው። ቪዲዮዎቹ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው የሚያነቡት።

ሌላም መዘዝ አለው፣ ከዚህ ክር ርዕስ ጋር ቀጥታ የሚገናኝ። ሎጉ ሲደመሰስ የድሮው ሪፔር ዙሩን ከ1 ያስጀምረው ነበር። ዲስኩ ላይ ያሉት ብሎኮች ግን «ዙር 57» የሚል ማህተም ይዘው ቀርተዋል። አሁን ሳምንት ሰራህ፣ መብራት ሄደ፣ ሪከቨሪ ተነሳ። ሎጉ «ዙር 1» ይላል፣ ዲስኩ «ዙር 57»። ሪከቨሪው የዲስኩ ይበልጣል ብሎ ትክክለኛውን አዲስ ለውጥ ይዘለዋል። በአሮጌ እንዳይሸፍን የተሰራው ጠባቂ አዲሱን በር ላይ መለሰው ማለት ነው። ምንም የስህተት መልዕክት የለም፣ ሪከቨሪ ተጠናቀቀ ይልሃል።

ይሄ ታውቆ ተስተካክሏል። ሪፔር ከ4.3 ጀምሮ ዲስኩ ላይ ያገኘውን ትልቁን ኤልኤስኤን ይይዝና ሎጉን ከዚያ በላይ ከሆነ ዙር ያስጀምረዋል። ከርነሉም ሜታዳታው ከሎጉ ቀድሞ ካገኘው ያስጠነቅቃል፣ አውርዳችሁ 4.3 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ሪፔር አስተካክሉ ይላል። ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልዕክቶች) ውስጥ ይሄን ካያችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። አንድ ሰው በአሮጌ ሲዲ ላይ ባለ ሪፔር ትልቁን ኤል ተጠቅሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሳልቫቶሬ ካርድ

ጥቁር ስክሪን ዛሬ ዋለልህ 😄

የማታ ፈረቃ

ወደ ስራዬ ልመለስ። ቅጂ ይዤ ልደግም ወስኛለሁ። ባለ 4 ቴራ ዲስክ በውሰት አግኝቻለሁ። እንዴት ብዬ ልያዘው? ፋይሎቹን መገልበጥ ነው ወይስ ዲስኩን እንዳለ?

ዲስክ ሐኪም

ዲስኩን እንዳለ፣ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው። ፋይል ከገለበጥሽ ጆርናሉ አብሮ አይመጣም።

ከላይቭ ዩኤስቢ ተነሺ። ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላ ፋይል ማኔጀሩ ውስጥ ዲስኩን አትጫኚው፤ አንድ ክሊክ ማውንት ነው፣ ማውንት ደግሞ ሪፕሌይ ነው። ተርሚናል ክፈቺ፣ ዲቫይሱን በብሎክዴቭ ለንባብ ብቻ አድርጊው፣ ከዚያ በዲዲሬስኪው ወደ ኢሜጅ ፋይል ገልብጪው። ተራውን ዲዲ ያልመረጥኩት፣ ዲዲሬስኪው መጥፎ ሴክተር ቢያገኝ ዘሎ ሌላውን ጨርሶ ስለሚመለስበት ነው። ማፕ ፋይልም ስጪው፤ መብራት ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ይሄ እኛ ጋ ቅንጦት አይደለም።

ኢሜጁ ሲያልቅ እሱንም ቢሆን በቀጥታ አትንኪው። ከላዩ የዲቫይስ ማፐር ስናፕሾት ዘርጊበት። ኢሜጁ ከታች ሳይነካ ይቀመጣል፣ ሪፕሌይ የሚጽፈው ሁሉ ለብቻው ወደተዘጋጀ ሌላ ፋይል ይሄዳል። ውጤቱ ካላማረሽ ያንን ፋይል ጥለሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ይሄ ከከበደሽ ኢ2ኤፍኤስሲኬ (የኢኤክስቲ4 ኤፍኤስሲኬ) ላይ ትንሿ ዜድ አማራጭ አለች። ከመጻፉ በፊት የነበረውን እያንዳንዱን ብሎክ በመመለሻ ፋይል ያስቀምጣል፤ ኋላ በኢ2አንዱ ትመልሺዋለሽ።

ስናፕሾቱ ላይ መጀመሪያ ኢ2ኤፍኤስሲኬን ጆርናል ብቻ እንዲደግም በሚለው አማራጭ አስኪጂው። ከዚያ ሙሉ ምርመራውን ትንሿ ኤን ይዘሽ፣ ምንም ሳይጽፍ፣ ምን እንደሚል ብቻ እይው። ትንሿን ኤን ከሪፕሌዩ በፊት ካስኬድሻት ግን ስህተት በስህተት ሆኖ ይታይሻልና አትደንግጪ፤ ጆርናሉን ዘልሎ ስለሚያይ ነው።

ፍሬሽማን

ጋሽ ሐኪም፣ ይቅርታ ክሩን ላወላግደው። እኔ ላፕቶፔ ላይ ሁለት ሊኑክስ አለኝ። አንዱን ሃይበርኔት አድርጌ (የሚሞሪውን ይዘት ዲስክ ላይ አስቀምጬ አጥፍቼ) በሌላኛው እነሳለሁ፣ የመጀመሪያውን ፓርቲሽንም ከዚያ እከፍተዋለሁ። ይሄ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ዲስክ ሐኪም

ይገናኛል እንጂ! እሱ እንዲያውም ከመብራት የከፋው ነው። ሃይበርኔት የተደረገው ሲስተም ሞቶ አይደለም፣ ተኝቶ ነው። የፋይል ሲስተሙን ሁኔታ በሚሞሪ ምስሉ ውስጥ ይዞታል። በሌላው ተነስተህ ስትከፍተው ጆርናሉ ይደገማል፣ ዲስኩ ይቀየራል። የተኛው ሲነቃ ይሄን አያውቅም። ሚሞሪው ውስጥ ያለውን አሮጌ ሜታዳታ በአዲሱ ላይ ይጽፈዋል። እዚህ ሪቮክም ኤልኤስኤንም አያድንህም፤ ሁለቱም የሚሰሩት አንድ ባለቤት ላለው ሎግ ነው። ሃይበርኔት ያደረከውን አትንካው፣ በቃ።

ዊንዶውስ ጎን ለጎን ያላችሁም እንደዚያው። ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ (ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስን ዲስክ የሚከፍተው ፕሮግራም) ዊንዶውስ ሃይበርኔት ላይ ነው፣ አልከፍትም ሲላችሁ ግድ እያላችሁ አታስገድዱት። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን አጥፉት።

ከሜሪላንድ

በቨርቹዋል ማሽንም ይሄው ይከሰታል። ማሽኑ እየሰራ ዲስኩን ከሆስቱ ላይ ማውንት ማድረግ፣ ወይም አንድ ዲስክ ለሁለት ማሽን መስጠት። ሁለተኛው ሲከፍተው ጆርናሉ ያልተዘጋ ስለሚመስለው ይደግመዋል፣ የመጀመሪያው ግን ገና እየጻፈበት ነው። ኢኤክስቲ4 ላይ ኤምኤምፒ የሚባል መከላከያ አለ። በነባሪው አይበራም፣ በቲውን2ኤፍኤስ ታበሩታላችሁ። ያበራው ማሽን በየጊዜው አንድ ብሎክ ላይ «እኔ አለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ሲመጣ ያንን አይቶ ይመለሳል። የጋራ ስቶሬጅ ያላችሁ አብሩት።

የማታ ፈረቃ

ውጤት ልንገራችሁ። ኢሜጁ ያለ አንድ መጥፎ ሴክተር አለቀ። ስናፕሾት ዘርግቼ ጆርናሉን አስደገምኩ፤ ሙሉው ምርመራ ምንም አላወጣም። ቀድሞ በሎግደምፕ ሳየው የሪቮክ ብሎኮቹ በሽበሽ ነበሩ፣ ልክ እንደተባለው።

ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። አብዛኞቹ ደህና ናቸው። መጨረሻ ላይ የተገለበጡት ጥቂቶቹ ግን ስማቸው አለ፣ መጠናቸው ዜሮ ነው። ይሄ ሪፕሌዩ የበላብኝ ነው?

ዲስክ ሐኪም

አይደለም። ሪፕሌይ በልቶ ቢሆን ኖሮ ፋይሉ መጠኑ ሙሉ ሆኖ፣ ስትከፍችው ውስጡ የፎልደር ዝርዝር ወይም ሌላ ዝባዝንኬ ታገኚ ነበር። ዜሮ መጠን የሌላ ነገር ምልክት ነው። ያ ይዘት ዲስክ ላይ ደርሶ አያውቅም።

ኢኤክስቲ4 ለፋይሉ ይዘት ቦታ የሚመድበው ሲጻፍ ሳይሆን ከሚሞሪ ወደ ዲስክ ሲወርድ ነው። የፋይሉ ስም በ5 ሴኮንድ ውስጥ ኮሚት ሊሆን ይችላል። ይዘቱ ግን በከርነሉ ነባሪ ቅንብር እስከ 30 ሴኮንድና ከዚያም በላይ ሚሞሪ ላይ ሊቆይ ይችላል። መብራቱ መሃሉ ላይ ከሄደ ስም ብቻ ይቀራል። ስካኑ ከተላከበት ኮምፒውተር ላይ ዋናዎቹን ፈልጊ።

የማታ ፈረቃ

የስካነሩ ላፕቶፕ ላይ አሉ። ዜሮ የሆኑትን ለይቼ እንደገና እገለብጣለሁ። ለወደፊቱ ዳታውም በጆርናል እንዲያልፍ ባደርገውስ? ዳታ ጆርናል የሚል አማራጭ አይቻለሁ።

ሳልቫቶሬ ካርድ

ይቻላል፤ ግን ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ አንዴ ጆርናል ውስጥ አንዴ ቦታው ላይ። በዚያ ሃርድ ዲስክ ትልልቅ ስካን ስትገለብጪ ቢሮው በሙሉ ይጮህብሻል። እኔ ብሆን የማስተካክለው መገልበጫውን ነው። በአርሲንክ የምትገለብጪ ከሆነ ከ3.2.4 ጀምሮ ኤፍሲንክ የሚል አማራጭ አለው፤ እያንዳንዱ ፋይል ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጦ ነው የሚያልፈው። ቀስ ይላል፣ ግን ዜሮ አያስቀርም። እና ያንን ባትሪ ቀይሩት፤ ከዚያ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስን ጫኚና ባትሪው ሲያንስ ሰርቨሩ ራሱ በሥርዓት እንዲጠፋ አድርጊው። በሥርዓት ከጠፋ የሚደገም ጆርናልም አይኖርም።

ጥቁር ስክሪን

እሺ ተሸነፍኩ። የኔን ሰርቨር ኤክስኤፍኤስ ኢንፎ ብዬው ሲአርሲ 0 አለኝ። ዳታውን ሳላነሳ ወደ ቪ5 መቀየር ይቻላል?

ከሜሪላንድ

አይቻልም። ሌላ ዲስክ ላይ አዲስ ቪ5 ሰርተህ ፋይሎቹን ወደዚያ ገልብጥ። ከመገልበጥህ በፊት ግን የድሮውን አንዴ በደንብ ማውንት አድርገህ አውርደው፣ ሎጉ ንጹህ ይሁን። ትልቁን ኤል እንዳትነካት።